እሪታው ከየትኛው ቤት ነው? ስለ ጉበትና ስለ አጥንት የደም ምርመራ



ይህ ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ስለሚል ቆሞ ለሚያነብ ሰው እግር ያደክም ይሆናል። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ማንበብ ይቻላል፤ ወረቀቱ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ከዚሁ ግድግዳ አይነሳም። የምንጽፈው የሕክምና ሰዎች ስለሆንን አይደለም። ሁላችንም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን የመጣን፣ ከባዮሎጂና ከኬሚስትሪ የቀረችንን ይዘን ለማስተማር የምንዘጋጅ ነን። ሆኖም አንዲት የላቦራቶሪ ወረቀት አንድ ተማሪያችንን ከትምህርት ገበታው ሦስት ሳምንት አስቀርታዋለች፤ እኛም በእርሷው ምክንያት ሁለት ጊዜ ተሳስተናል። ሁለተኛው ስሕተታችን ከመጀመሪያው የከፋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያው የማስተማር ልምምድ አራት ሆነን ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመደብን። ከምንረዳቸው ክፍሎች አንዱ ሰባተኛ ክፍል ነበር። በዚያ ክፍል ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላው፣ ሰባ ደረጃን በሩጫ ወጥቶ የማይደክመው አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አንጠቅስም። ይህ ልጅ በድንገት ጠፋ። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። የክፍል ጓደኞቹን ስንጠይቅ «ቲቸር፣ ጉበቱን አሞታል፤ ይተላለፋል ተብሏል» አሉን።

ቤቱ እሪ በከንቱ ስለነበር ከትምህርት በኋላ በእግራችን ሄድን። ሰፈሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መንገዱ ቁልቁል፣ ቤቱ ከቤት ተደጋግፎ የቆመ፣ ግቢው የጋራ፣ የአንዱ ወሬ ለሌላው የሚሰማ ነበር። (ነበር የምንለው በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ ነባር ቤቶች ለልማት ስለፈረሱና ቤተሰቡም ዛሬ ሌላ ሰፈር ስለሚኖር ነው።) ልጁ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ የራሱ ኩባያ፣ የራሱ ሳሕን ለብቻ ተቀምጦለታል። እናቱ «ልጆቼ፣ ምን ላድርግ፣ ጉበቱ ተነክቷል አሉኝ» ብለው ተቀበሉን። ሆዱን አሞት አንድ ላቦራቶሪ ደም ሰጥቶ ነበር። ሆዱ በሦስተኛው ቀን ተሻለው፤ ወረቀቱ ግን ቀረ። ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» አለ። ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል ተከለከለ። ኳስ ተከለከለ። ጧት ጧት አንድ የተጨመቀ ቅጠል ይጠጣ ጀመር፤ ምን ቅጠል እንደሆነ ከሻጩ በቀር የሚያውቅ የለም።

ወረቀቱን ተቀብለን አየን። ከአሥራ ምናምን መስመር መካከል በአንዷ ብቻ ኤች የምትለዋ የላቲን ፊደልና ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት አሉ። መስመሯ «አልካላይን ፎስፋቴዝ 362 ዩኒት በሊትር» ትላለች። ከጎኗ «ጤናማ መጠን፦ ከ40 እስከ 129» ተጽፏል። ከመካከላችን በባዮሎጂ ከፍተኛ ውጤት ያመጣው ጓደኛችን ጉሮሮውን ጠረገና «አዎ፣ ይኼ የጉበት ኤንዛይም ነው» አለ። እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። እናትየው አለቀሱ። እንግዲህ የመጀመሪያው ስሕተታችን ይኸው ነው።

በማግስቱ ጉዳዩን ለተቋማችን የባዮሎጂ መምህር ስንነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁን ስለ ጉበት አልነበረም። «የልጁ ዕድሜ ስንት ነው?» አሉ። ነገርናቸው። «ሱሪውስ እንዴት ነው?» አሉ። እርስ በርሳችን ተያየን። የዩኒፎርም ሱሪው መስከረም ላይ ጫማው ላይ ይወርድ የነበረ፣ አሁን ቁርጭምጭሚቱን አልፎ ቁምጣ ሊሆን ምንም ያልቀረው ነው። «በሉ፣ መልሱ እዚያ ነበረላችሁ» አሉና ቤተ መጻሕፍት ላኩን። ከዚህ ቀጥሎ ያለው እዚያ ያነበብነውና እርሳቸው ያረሙልን ነው።

ኤንዛይም ሲባል

ኤንዛይም በሕይወት ያለ ነገር የሚሠራው፣ ራሱ ሳያልቅ ሌላውን ነገር የሚለውጥ ፕሮቲን ነው። ለተማሪ ለማስረዳት ከብቅል የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ገብሱን የሚያበቅሉት በከንቱ አይደለም፤ ገብሱ ሲበቅል ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኤንዛይም በብዛት ይሠራል። ጥቂት ብቅል ብዙ እህል የሚያጣፍጠው ለዚህ ነው።

አልካላይን ፎስፋቴዝም እንዲሁ አንድ ሥራ አለው፤ ፎስፌት የተጣበቀባቸውን ነገሮች ፎስፌቱን ይቆርጥባቸዋል። አልካላይን የተባለው አሲድ በሌለበት፣ እንደ አመድ ውኃ ባለ ሁኔታ አጥብቆ ስለሚሠራ ነው። ለሥራው ዚንክና ማግኒዚየም ያስፈልጉታል። ይቺን ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ይህ ኤንዛይም በአንድ ቦታ ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ቀላል በሆነ። ግን በጉበት ውስጥ በሐሞት ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ አለ፤ አጥንት በሚሠሩ ሕዋሳት ላይ አለ፤ በአንጀት፣ በኩላሊትና በነፍሰ ጡር ሴት እንግዴ ልጅ ላይም አለ። በጤነኛ ጎልማሳ ደም ውስጥ ከሚገኘው አብዛኛው ከጉበትና ከአጥንት የመጣ ነው፤ ሁለቱም በግምት እኩል ያዋጣሉ። በልጅ ላይ ግን አጥንት ያመዝናል። ወረቀቱ የሚጽፈው የሁሉንም ድምር በአንድ ቁጥር ነው። የሰፈራችን ስም በዚህ ላይ ይረዳናል፤ እሪ የድረሱልኝ ጩኸት ነው። በተደጋገፉ ቤቶች መካከል እሪታ ሲሰማ ጩኸቱ ይሰማል እንጂ ከየትኛው በር እንደወጣ ከሩቅ አይለይም። ኤች የምትለዋ ፊደልም እሪታ ናት፤ በሩን አትናገርም።

እንዲያውም ቅድሚያ ለማን ይገባል ከተባለ ለአጥንት ነው። በ1923 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሮበርት ሮቢሰን የተባለ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ይህን ኤንዛይም ያገኘው በሚያድግ እንስሳ አጥንት ውስጥ ነበር፤ ለአጥንት መጠንከርም አስፈላጊ ነው ብሎ ጻፈ። በደም ውስጥ ያለው መጠን በአጥንት ሕመምና በሐሞት መዘጋት እንደሚጨምር የታወቀው ከዚያ በኋላ፣ በ1930 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ጓደኛችን «የጉበት ኤንዛይም» ብሎ ሲፈርድ የኤንዛይሙን የመጀመሪያ ቤት መዝለሉ ነበር።

በአጥንት ውስጥ ምን ይሠራል?

አጥንት መጀመሪያ ለስላሳ መረብ ነው፤ ካልሲየምና ፎስፌት ሲቀመጡበት ይጠነክራል። በመረቡ ዙሪያ ፓይሮፎስፌት የሚባል ነገር አለ፤ ሥራው ማዕድኑ ያለ ቦታው እንዳይቀመጥ መከልከል ነው። አልካላይን ፎስፋቴዝ ይህን ከልካይ ይቆርጥና መንገዱን ይከፍታል። ስለዚህ አጥንት በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ኤንዛይሙ ይበዛል፤ ጥቂቱም ወደ ደም ይወጣል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። የሚያድግ ልጅ አጥንት ይሠራል፤ ስለሆነም ቁጥሩ ከአዋቂ ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። በጉርምስና ቁመት በሚመዘዝበት ጊዜ ደግሞ ከፍ ይላል። በአሥራ ሦስትና በአሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጅ ላይ 400 ማየት የተለመደ ነው። ሴቶች ልጆች ቀድመው ስለሚመዘዙ ቀድመው ይወርዳሉ፤ ወደ አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት ሲደርሱ ብዙዎቹ ወደ አዋቂ ቁጥር ይጠጋሉ፣ ወንዶቹ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይተው ይከተላሉ። አጥንቱ የተሰበረ ሰውም ስብራቱ በሚጠገንበት ጊዜ ቁጥሩ ይወጣል።

እንግዲህ የተማሪያችን 362 ለአርባ ዓመት ሰው ብዙ ነው፤ ለእርሱ ግን ልክ ነው። የተሳሳተው ደሙ አይደለም፣ ማሽኑም አይደለም፤ ከጎኑ የታተመው «ከ40 እስከ 129» የአዋቂ ልክ ነው። ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን በአዋቂ ልክ አስተያየና ኤች ጻፈ። የሰው ልጅ ግን በአንድ መስፈሪያ አይሰፈርም፤ ይኼን መቼም ለእኛ ለመምህራን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሰባተኛ ክፍልን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ፈትኖ «ሰነፍ» የሚል መምህር ምን ይባላል?

በጉበት በኩልስ?

ጉበት ሐሞትን ይሠራል፤ ሐሞቱ በቀጫጭን ቧንቧዎች ወርዶ አንጀት ይገባል። መንገዱ በጠጠር፣ በዕጢ ወይም በሌላ ነገር ሲዘጋ በክረምት ቆሻሻ እንደደፈነው ቦይ ወደ ኋላ ይሞላል። ጥንት ኤንዛይሙ በደም ውስጥ የሚበዛው ጉበት ማስወገድ ስላቃተው ነው ይባል ነበር። በኋላ እንደተደረሰበት ግን የታፈነው ጉበት ራሱ ኤንዛይሙን አብዝቶ ይሠራል፣ ከዚያም ወደ ደም ይፈስሳል። እንዲህ ሲሆን ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ነገርም ይጠራቀምና ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ዓይነ ምድር ይነጣል፣ ሰውነት ያሳክካል።

የጉበት ሕዋሳት ራሳቸው ሲጎዱ ለምሳሌ በቫይረስ ሄፓታይተስ ጊዜ ግን ዋናው ምስክር ሌላ ነው። ኤስ ጂ ፒ ቲ እና ኤስ ጂ ኦ ቲ የሚባሉት ኤንዛይሞች ከተጎዳው ሕዋስ ይፈስሳሉና በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ይቆጠራሉ፤ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚጨምረው በመጠኑ ነው። (ኤስ ጂ ኦ ቲ በልብና በጡንቻም ስላለ ብቻውን ለጉበት አይመሰክርም።) እኛ ያንን ወረቀት በጥሞና ብናነበው ኖሮ የልጁ ኤስ ጂ ፒ ቲ 18፣ ቢሊሩቢኑ 0.6 ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሁለቱም ጤናማ ናቸው። ሁሉ ጸጥ ባለበት አንዷ መስመር ብቻ ትጮኻለች፤ እኛም የምትጮኸውን ብቻ አየን።

ቤቱን ለመለየት ሐኪሞች ምን ያደርጋሉ? ድሮ የሚያስገርም ዘዴ ነበራቸው። ሴረሙን በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ያቆዩታል። ከአጥንት የመጣው ኤንዛይም በሙቀቱ አብዛኛው ይበላሻል፤ የጉበቱ ከፊሉ ይተርፋል፤ የእንግዴ ልጁ ደግሞ 65 ዲግሪን እንኳ ይችላል። ዛሬ በአብዛኛው የሚታዘዘው ጋማ ጂ ቲ የሚባል ሌላ ምርመራ ነው። ይህ ኤንዛይም በጉበትና በሐሞት መንገድ በብዛት አለ፣ በአጥንት ግን የለም። ሁለቱ አብረው ከወጡ ዓይን ወደ ጉበት ይዞራል፤ ጋማ ጂ ቲ ጤናማ ሆኖ አልካላይን ፎስፋቴዝ ብቻውን ከወጣ ወደ አጥንት ይታሰባል። አልኮልና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጋማ ጂ ቲን ከፍ ስለሚያደርጉ እርሱም ሳይጠየቅ የሚታመን ምስክር አይደለም።

ላቦራቶሪ ውስጥ

ኬሚስትሪ ለሚወዱ ጓደኞቻችን ይህን አንዝለልባቸው። ኤንዛይሙ ራሱ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ሥራው ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. በታወቀው ዘዴ መሠረት ፓራ ናይትሮፌኒል ፎስፌት የሚባል ቀለም የለሽ ነገር ከሴረሙ ጋር ይደባለቃል። ኤንዛይሙ ፎስፌቱን ሲቆርጠው የሚቀረው እንደ እርድ ውኃ ቢጫ ይሆናል። ብዙ ኤንዛይም ካለ ቢጫው ቶሎ ይደምቃል። መሣሪያው በ405 ናኖሜትር ብርሃን ድምቀቱን በየጊዜው እየለካ ወደ ዩኒት ይለውጠዋል። አንድ ዩኒት ማለት በአንድ ደቂቃ አንድ ማይክሮሞል የሚለውጥ የኤንዛይም መጠን ነው። የሙቀቱና የማደባለቂያው ዓይነት ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ስለሚለያይ የአንዱን ቁጥር በሌላው ልክ ማንበብ አይገባም።

ቀደም ሲል ያዙልን ያልናት ዚንክና ማግኒዚየም እዚህ ትመጣለች። ደሙ በስሕተት ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ብልቃጥ ከተቀዳ በውስጡ ያለው ኢ ዲ ቲ ኤ ማዕድናቱን ይይዛቸዋል፤ ኤንዛይሙም ሥራ ይፈታል፤ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ይወርዳል። በሌላ በኩል ቅባት የበዛበት ምግብ ተበልቶ ወዲያው ደም ቢሰጥ፣ በተለይ የደም ዓይነታቸው ኦ እና ቢ በሆኑ ብዙ ሰዎች ላይ፣ ከአንጀት የሚወጣው ኤንዛይም ቁጥሩን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ሳይበሉ ኑ የሚባለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ስሕተታችን

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ደረታችንን ነፍተን ወደ እሪ በከንቱ ተመለስን። እናትየውን ይቅርታ ጠየቅን፤ ልጁን ይዘው ጤና ጣቢያ እንዲሄዱም ለመንናቸው፤ ሄዱ። የጤና መኮንኑ ዓይኑን አየ፣ ሆዱን ዳበሰ፣ ቁመቱን ለካ፣ ጋማ ጂ ቲ አዘዘ። ጤናማ ሆነ። ቅጠሉ እንዲቆም፣ ምግቡ እንዲመለስለት አዘዘ። ምን እንደሆነ የማይታወቅ ቅጠል ደህና ጉበት ሊያሳምም እንደሚችልም ነገራቸው። ልጁ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ክፍል ገባ። እናትየው ደስ ብሏቸው ቡና አፈሉልን።

ችግሩ የተፈጠረው ቡናው ላይ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሲያዳምጥ እኛ ማስተማር ጀመርን። «ይህ ቁጥር በልጅ ላይ ከፍ ቢል ምንም አይደለም፤ ማደግ ነው» አልን። ኧረ እንዲያውም ደጋገምነው። ከአዳማጮቹ አንዷ የዓመት ከስምንት ወር ሴት ልጅ የታቀፈች ወጣት እናት ነበረች። ሕፃኗ ሳል ስለሚመላለስባት ቀደም ብሎ ደም ተመርምራ ራጅ ታዝዞላት ነበር። እናትየዋ የእኛን ንግግር ሰምታ «የኔም እያደገች ነው ማለት ነው» ብላ ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ከተተችው። ራጁም ቀረ።

ይህን ያወቅነው ከአሥር ቀን በኋላ፣ ለልጁ ያመለጠውን ትምህርት ልናደርስ ስንሄድ ነው። ሕፃኗ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። እኩዮቿ ሲሮጡ እርሷ ገና አልቆመችም። የእጇ አንጓ አምባር ያሰረ ይመስል ወፍሯል፣ እግሮቿ ጎብጠዋል፣ ግንባሯ ወጣ ብሏል። ከመካከላችን አንዷ ልጅቱን አይታ ዝም አለች። ከዚያ «እስቲ ወረቀቱን እንየው» አለች። አልካላይን ፎስፋቴዝ 1180 ይላል። ለሁለት ዓመት ልጅ እንኳ ከልኩ ብዙ እጥፍ ነው። ደግሞ ፎስፈረሱ ጎን ኤል የምትል ፊደል አለች፤ አንሷል ማለት ነው። እንዴ፣ ይኼ ማደግ አይደለም!

ሪኬትስ ማለት ይህ ነው። አጥንት የሚሠሩት ሕዋሳት እንደ ግንበኛ ተሰብስበዋል፣ ይሠራሉ፣ ኤንዛይሙን ያመርታሉ፤ ሲሚንቶው ግን የለም። ካልሲየምና ፎስፌት ከምግብ ወደ ደም እንዲገቡ ቪታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ እርሱ ሲጎድል ግንበኛው እየበዛ ግንቡ ለስላሳ ይቀራል። የሚያድግ ልጅና ሪኬትስ ያለበት ልጅ ሁለቱም ኤንዛይማቸው ከፍ ይላል፤ አንዱ ግንቡ ስለሚወጣ፣ ሌላው ስላልወጣለት። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው እንደ እኛ ይሳሳታል። ደግሞ የአምስት ዓመት ዕድሜ ባልሞላቸው ልጆች ላይ ምንም ሕመም ሳይኖር ኤንዛይሙ በጣም ወጥቶ በጥቂት ወራት ራሱ የሚወርድበት ሁኔታ እንዳለ አንብበናል። ስለዚህም ነው ሐኪም አንጓውን ራጅ የሚያነሣው፤ የካልሲየምና የፎስፈረስ ምርመራም የሚጨምረው።

የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አላት በምትባል አገር ሪኬትስ ከየት መጣ? ቪታሚን ዲ በአብዛኛው የሚሠራው ፀሐይ ቆዳን ሲያገኝ ነው፤ ከዚያም መጀመሪያ በጉበት፣ ቀጥሎ በኩላሊት ይዘጋጃል። (ጉበትና አጥንት በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ የሚገናኙ አይምሰላችሁ፤ ሐሞቱ ለብዙ ጊዜ የተዘጋ ሰው ቪታሚን ዲን ከምግብ መውሰድ ስለሚያቅተው አጥንቱ ይጎዳል።) ፀሐይ ውጭ ብትኖርም ሕፃኑ ቤት ውስጥ ከሆነ አትደርሰውም። በመስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን ያሞቃል እንጂ ለዚህ አይረባም፤ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል። የእናት ጡት ወተት ለሁሉ ነገር ተወዳዳሪ የለውም፣ በቪታሚን ዲ ግን ድሀ ነው። ወጣቷ እናት «ምች እንዳይመታት፣ የሰው ዓይን እንዳያያት ብዬ አላወጣኋትም» አለችን። ማን ይፈርድባታል? ቤቷ አንድ ክፍል፣ ግቢው ጠባብ፣ ፀሐዩም ቀትር ላይ ብቻ ብቅ የሚልበት ነበር። ሕፃናትን ጧት ገላቸውን ገልጦ ፀሐይ የማሞቅ ልማድ ግን ከጥንት የነበረ የእናቶቻችን ዕውቀት ነው።

ስለ ሳሏም ዝም አንልም። በአዲስ አበባ የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት ጥናት በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ከአምስት ዓመት በታች ሆነው በሳንባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትን ካልታመሙ 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ከታመሙት 210ዎቹ፣ ካልታመሙት ደግሞ 20ዎቹ ብቻ ሪኬትስ ነበረባቸው። ሌሎች ምክንያቶች ከተቀናነሱ በኋላ እንኳ ልዩነቱ ወደ 13 እጥፍ ይጠጋል። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ደረት አየር በሚገባ አይስብም፣ ሳልም አክታውን አያወጣም። ያቺን ወረቀት ፍራሽ ሥር ያስቀመጠው ንግግራችን ምን ሊያመጣ ይችል እንደነበር ይህን ካነበብን በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም።

በማግስቱ ከእናትየዋ ጋር አብረን ሆስፒታል ሄድን። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ተራ በተራ ሕፃኗን ታቀፍን። ራጁ ሪኬትስ መሆኑን አረጋገጠ። ቪታሚን ዲና ካልሲየም ታዘዘላት። ሐኪሟ ቁጥሩ ቶሎ እንደማይወርድ፣ ወራት እንደሚፈጅ፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ደም ማስቀዳት እንደማያስፈልግ ነገሩን። በሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ ግድግዳ ይዛ፣ ትንሽ ቆይታም ሳትይዝ ሄደች። ሰፈሩ ከመነሣቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ስናያት ከግቢው በር እስከ ቧንቧው ድረስ የእናቷን ነጠላ ጎትታ ትሮጥ ነበር። ልጁ ደግሞ ዛሬ ከአራታችንም ይረዝማል።

ለአንባብያን ጥያቄ

ስምንተኛ ወሯን የያዘች የ26 ዓመት ነፍሰ ጡር መምህርት መዳፏንና ውስጥ እግሯን ሌሊት ሌሊት ክፉኛ ያሳክካታል። የደም ምርመራዋ አልካላይን ፎስፋቴዝ 240፣ ኤስ ጂ ፒ ቲ 140 ይላል። ጓደኛዋ «ሁለቱም የእርግዝና ነው፣ ተይው» አለቻት። በእርግዝና መጨረሻ እንግዴ ልጅ የሚያወጣው ኤንዛይም የትኛውን ቁጥር ከፍ ያደርጋል? የትኛውን አያደርግም? ይህች መምህርት ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባት ወይስ መቆየት ትችላለች? መልሳችሁን ከነምክንያቱ በወረቀት ጽፋችሁ ከግድግዳው ሥር ባለው ሣጥን ክተቱ። የባዮሎጂ መምህራችን ያርሙታል፤ ትክክለኛው መልስ በሚቀጥለው እትም ይለጠፋል።